የቀስበሉ አውራ ጣት

እትዬ መነጽርን ሞተው ያገኘቻቸው ቀስበሉ ነበረች። ጠዋት ባልዲና መወልወያዋን ይዛ የመዝገብ ቤቱን በር በክርኗ ገፋ ስታደርግ መጀመሪያ ያየችው ወለሉ ላይ የተጋደመውን መሰላል ነው። ቀጥሎ አንድ ጫማ አየች። ቀጥሎ እትዬን፤ ጭንቅላታቸው ከብረት መደርደሪያው ጥግ ሥር፣ ዓይናቸው እንደተከፈተ። ባልዲው ከእጇ አመለጠ። ውሃው እስከ ሟቿ ቀሚስ ጫፍ ድረስ ሲሄድ እያየች ከአፏ የወጣው ዘወትር የምትለው ብቻ ነበር።

«ቀስ በሉ... ወለሉ እርጥብ ነው።»

ስሟም ከዚያው የመጣ ነው። በቤተ ክርስቲያኗ ጽሕፈት ቤት ሃያ ዓመት ስትወለውል፣ ላለፈ ላገደመው ሁሉ «ቀስ በሉ» ስትል፣ ካህናቱም ዘበኛውም ቀስበሉ አሏት፤ በዚያው ጸና።

ጽሕፈት ቤቱ ያን ሰሞን እንደ ከበሮ ተወጥሮ ነበር። የዛሬ ዓመት የቀስበሉ ልጅ እዚያው የጽሕፈት ሥራ ስትሠራ፣ አንድ ቄስ ቢሮአቸው ጠርተው፣ በር ዘግተው ክብሯን እንደነኩ ጽፋ አመለከተች። ቤተ ክርስቲያኗ አጣርታ የቄሱን ስም «ተአማኒ አቤቱታ የቀረበባቸው አገልጋዮች» በሚል ዝርዝር ውስጥ አወጣች። ቄሱም «ስሜ ጠፋ» ብለው የገዛ ቤተ ክርስቲያናቸውን በስም ማጥፋት ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ የአቤቱታውን ፋይል ሊመረምር ቀጠሮ የያዘው ለመጪው ሳምንት ነው። ፋይሉን የሚያውቁት ደግሞ የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ እትዬ መነጽር ነበሩ።

ልጅቷ የጻፈችውን ቀስበሉ አላነበበችውም። ማንበብ አትችልም ነበርና። ልጇም በአፏ ነግራት አታውቅም። «እማዬ፣ ጽፌዋለሁ፤ ደግሜ አልናገረውም» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ በቃ። ከዚያ ወዲህ እናት እንቅልፍ የላትም። የልጇ ሕመም አንድ ወረቀት ላይ ሰፍሮ፣ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ፣ እሷ በየቀኑ አቧራውን እየጠረገች ታልፋለች።

ፖሊስ መጣ። የግቢው የብረት በር ተዘጋና «ማንም እንዳይወጣ» ተባለ። መጀመሪያ የደረሰው ሳጅን ዙሪያውን ቃኝቶ «ከመሰላል ወድቀዋል፤ አደጋ ነው» ሲል፣ የቀስበሉ ልብ ትንሽ አረፍ አለ። ወዲያው ግን ከእትዬ ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀት አንሥቶ ጮክ ብሎ አነበበ።

«እኔ የአመልካቿ እናት፣ ልጄ በቄሱ ላይ ያቀረበችው አቤቱታ ሐሰት መሆኑን ከራሷ አፍ ሰምቻለሁ። ይህንንም በአውራ ጣቴ አረጋግጣለሁ። ሐሙስ።»

ከሥሩ ሐምራዊ የጣት አሻራ ተመትቷል። የምስክር ፊርማ ቦታው ባዶ ነው።

«ያንቺ ነው?» አላት።

ቀስበሉ አሻራውን አየችው። በሃያ ዓመት ውስጥ ስንቱን ወረቀት «እዚህ ላይ ጫኚ» ስትባል ጭናለች! በልቧ «የኔ አይደለም» እያለች ምላሷ ግን እንደ ድንጋይ ከበዳት። ያልፈረመች መሆኗን በምን ታስረዳለች? እትዬ ነበሩ የሚያውቁላት፤ እትዬም ይኸው ተጋድመዋል።

ዋናው መርማሪ የደረሰው ያን ጊዜ ነው። ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወራት የቀሩት፣ ኮቱ ክርኑ ላይ የሳሳ ሰውዬ ነው። ባልደረቦቹ «ተማሪው» ይሉታል፤ ያገኘውን ሰው ሁሉ «ሥራዎን ያስተምሩኝ» ስለሚል። አስከሬኑን አየ፣ መሰላሉን አየ፣ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ብዙ ቆየ። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ ቀስበሉ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«እህቴ፣ መወልወል ያስተምሩኝ። ከየት ነው የሚጀመረው?»

«እ?... ከውስጥ ወደ በር ነዋ! ከበር ከጀመሩማ መውጫ ያጣሉ። ጥግ ላይ ታስረው ወለሉ እስኪደርቅ መቆም ነው።»

«እኔ ቤት እንደዚያ ነው የማደርገው» አለ ሳጅኑ።

«ለዚህ ነው ሚስትህ የምትጮኸው» አለው መርማሪው ዞር ሳይል። «እሺ እህቴ፣ አሁን መሰላሉን ያስተምሩኝ። ሟቿ ፋይል ሲፈልጉ እንዴት ነበር የሚወጡት?»

ለቀስበሉ ነገሩ ገብቷታል። «ይወጡ ነበር» ካለች አደጋ ነው፤ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ያ ወረቀት ግን ከእትዬ ጠረጴዛ ላይ በክብር ተነሥቶ ፍርድ ቤት ይገባል፤ ልጇ በአደባባይ ውሸታም ትባላለች። እውነቱን ከተናገረች ደግሞ ገመዱ ወደ ራሷ አንገት ይመጣል። ከበር ጀምሮ እንደወለወለ ሰው ጥግ ላይ ቆማለች፤ በየት ትውጣ?

«አይወጡም» አለች በመጨረሻ። «ጉልበታቸው አመመኝ ካሉ ሰባት ዓመት። አንዲት ደረጃ እንኳ አይወጡም ነበር። ‹ቀስበሉ፣ ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ቢጫ ክር ያለውን› ይሉኛል፤ የማወጣ የማወርደው እኔ ነኝ። ማንበብ ስለማልችል ለእኔ ብለው ፋይሉን ሁሉ በየቀለሙ ክር አሰሩት።»

«እንግዲያው መሰላል የምትወጪው አንቺ ብቻ ነሽ» አለ ሳጅኑ ድምፁ ተለውጦ። «አቤቱታው ሐሰት ነው ያልሽበትን ወረቀት እትዬ አልቀበልም ቢሉሽስ? ተጣልታችሁ ቢሆንስ?»

«ይኸውልህ!» አለች ቀስበሉ እንባዋ እየመጣ። «ይኼን እንደምትል አውቄ ነው የተናገርኩት።»

መርማሪው ትኩር ብሎ አያት። «ሥራዎን ይቀጥሉ እህቴ። ኮሪደሩን ይወልውሉ። እኔ ሰዎቹን አነጋግራለሁ፤ በሩን ክፍት እተወዋለሁ፤ ይሞቀኛል።»

ቀኑ የሚሞቅ አልነበረም። ቀስበሉ ግን ምክንያቱን አልጠየቀችም፤ መወልወያዋን ጨምቃ ጀመረች።

መጀመሪያ የገባው የቤተ ክርስቲያኗ ጠበቃ ነው።

«ወረቀቱን ያውቁታል?»

«ዓርብ ዕለት ከተማ ባለው ቢሮዬ በር ሥር ተገፍቶ አገኘሁት። ሰኞ አስተዳዳሪውንም ከሳሹን ቄስም ቢሮዬ ጠርቼ አሳየኋቸው። ይኼ ከጸና ቤተ ክርስቲያኗ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ ክሱ ይዘጋል፣ ፋይሉም አይከፈትም። ግን ‹የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ በምስክርነት ካልፈረመችበት ዳኛው ዞር ብሎ አያየውም› አልኳቸው።»

«ከዚያስ?»

«ስልክ ላነሣ ወጣሁ። ስመለስ ሰዎቹም የሉ፣ ወረቀቱም የለ።»

ቀጥለው ከሳሹ ቄስ ተጠርተው መጡ። ግራጫ ኮት ለብሰዋል፤ ከአገልግሎት ከታገዱ ወዲህ ቀሚስ አይለብሱም። በኮሪደሩ ሲያልፉ ቀስበሉ መወልወያዋን እንደ ጦር አጥብቃ ያዘች። «ቀስ በሉ» አላለቻቸውም።

«እኔ የጠየቅሁት ስሜን ነው» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ሰው ልገድል?»

«ትናንት ከሰዓት የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ይቺን ግቢ ከረገጥሁ አራት ወሬ ነው፤ ዘበኛውን ጠይቁት፤ እሱ ለእኔ አይዋሽልኝም። ሰኞ ዕለትም ወረቀቱን አልነካሁትም። ‹እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው› ብዬ ወጣሁ።»

ዘበኛው በመስኮቱ አንገቱን ብቅ አድርጎ ሳይጠየቅ መለሰ፦ «እውነታቸውን ነው! ቢመጡማ በሩን ለመዝጋት እንዴት ደስ ባለኝ!»

መጨረሻ ላይ አስተዳዳሪው መጡ። ረጅም ጥቁር ቀሚሳቸው ሁልጊዜ እንደተተኮሰ ነው። ቀስበሉ ከልማዷ ጎንበስ ብላ «ቀስ በሉ አባታችን፣ እርጥብ ነው» አለች። እሳቸውም እንዳይንሸራተቱ ግድግዳውን በቀኝ እጃቸው ደገፍ አሉ። እጅጌያቸው ዓይኗ ሥር መጣ። ጥቁሩ ጨርቅ ላይ፣ ከአንጓቸው በላይ፣ የሳንቲም ያህል ሁለት ቀይ ቀይ ነጠብጣብ አለ።

«ምን ነካብዎት አባታችን?»

«ሻይ ነው ልጄ። እጄ ተንቀጠቀጠና ፈሰሰብኝ። እሷን ካየሁ ወዲህ ምኔ ጤነኛ ነው?»

ገቡ። ከውስጥ ድምፃቸው ለስላሳ ሆኖ ተሰማ። «እኔ እንኳ ለዚች ድሃ እናት አዝናለሁ። መቼስ የእናት ነገር፤ ልጇ ስትዋሽባት ሸክሙ ከበዳት። ብትቆጣም አልፈርድባትም።»

ቀስበሉ ባለችበት ቆመች። ሻይ? ሃያ ዓመት ጨርቅ አጥባለች። ሻይ ጥቁር ላይ ቢፈስ አይታይም። ጥቁርን ቀይ የሚያደርግ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ባልዲዋ አጠገብ ቀይ ክር አንገቱ ላይ ታስሮ ቆሟል። ያልተበረዘ በረኪና ነው።

ሐሙስ ትዝ አላት። ሐሙስ ከሰዓት ያ ጠርሙስ ካስቀመጠችበት ተነሥቶ፣ ክዳኑ ላላ ብሎ፣ መታጠቢያው አጠገብ አግኝታው «ማን ነው ዕቃዬን የሚነካ?» ብላ ተቆጥታ ነበር።

ያን ጊዜ የአሻራ ባለሙያው የሁሉንም ጣት ሊወስድ መጣና በእሷ ጀመረ። አውራ ጣቷን ቀለም አስነክቶ ወረቀት ላይ ጫነው። አየውና ራሱን ነቀነቀ። ደገመው። ሦስተኛ ሞከረ።

«ምነው?» አለ መርማሪው ከበሩ ብቅ ብሎ።

«ጣቷ መስመር የለውም። ባዶ ቀለም ነው የሚወጣው።»

«ለመታወቂያ ጊዜም ማሽኑ እምቢ ብሎኛል» አለች ቀስበሉ እንደ ጥፋተኛ አቀርቅራ። «በረኪናው በላው።»

መርማሪው ሁለቱን እጆቿን ይዞ በመስኮቱ ብርሃን አየ። ፊቱ በራ። እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ስለ እጅጌውና ስለ ጠርሙሱ በጆሮው ነገረችው።

እኩለ ቀን ላይ ሁሉም መዝገብ ቤት ተሰበሰቡ፤ አስከሬኑ ተነሥቷል። ጠበቃው፣ ከሳሹ ቄስ፣ አስተዳዳሪው፣ ሳጅኑ፣ ቀስበሉ። ልጇም ተጠርታ መጥታ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ቄሱን ላለማየት ወለሉን ታያለች። መስኮቱ ፍርግርግ ነው፤ ክፍሉ ጠቦ ትንፋሽ የሚያሳጥር ሆነ።

«ይኼ አደጋ አይደለም» ብሎ ጀመረ መርማሪው። «መሰላሉን ያጋደመው ሰው የሟቿን ጉልበት አያውቅም። አብሯቸው ሃያ ዓመት ቢሠራም ዝቅ ብሎ አይቶት አያውቅም። ይኼንን የነገሩኝ እኚህ እናት ናቸው። ገዳይ ቢሆኑ ኖሮ ‹ወደቁ› ሲባል ‹አዎ› ብለው በሄዱ ነበር።»

ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሁለተኛ፣ መነጽራቸው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ምን ላይ ነው የተቀመጠው? በተከፈተ የቁልፍ መዝገብ ላይ። ቁልፍ የወሰደ ሰው የሚፈርምበት ተራ ደብተር ነው። ገዳዩ ንቆት ተወው። ግን ለምን የትናንቱ ገጽ አልነበረም የተከፈተው? ለምን ያለፈው ሐሙስ ሆነ?»

ደብተሩን ከፍ አድርጎ አሳየ። «ሟቿ ይኼን ገጽ ለአንድ ሰው እያሳዩ ነበር። ያ ሰው የሐሙስ ቀን ወረቀት ይዞ ‹ምስክር ሆነሽ ፈርሚ› ሊላቸው መጥቷል። እሳቸው ግን ሐሙስ ጠዋት በማን እጅ ምን እንደተጻፈ ያውቃሉ። እህቴ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

ቀስበሉ ልጇን አየቻት፤ ቶሎ ዓይኗን መለሰች።

«ስሜ ነው» አለች።

«ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«እማዬ?» አለች ልጅቷ።

«ስድስት ሳምንቴ ነው... ከሥራ በኋላ የጎልማሶች ትምህርት እገባለሁ። የሚያውቁት እትዬ ብቻ ናቸው። ‹ከእንግዲህ በጣትሽ አላስፈርምሽም› ብለውኝ ነበር።»

«ስለዚህ» አለ መርማሪው፣ «ሐሙስ ጠዋት ስሟን በእጇ የጻፈች ሴት ሐሙስ ከሰዓት መጻፍ ረስታ በጣቷ ፈረመች ማለት ነው። ያውም መስመር በሌለው ጣት! ወረቀቱ ላይ ያለው አሻራ ግን ጥርት ያለ ነው፤ መስመሩ እንደ እርሻ ትልም ይቆጠራል። ወረቀቱን ያዘጋጀው ሰው ‹ያልተማረች ናት፤ የእሷ ጣት ከእኔ ጣት በምን ይለያል? ቀለም ቀለም ነው› አለና የራሱን አውራ ጣት ጫነ። ስሙን ጽፎ ቢፈርምበት ይሻለው ነበር።»

ጠበቃው ሳያስበው የሁሉንም እጅ ማየት ጀመረ። ቄሱ ሁለቱን መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩ። አስተዳዳሪው እጃቸውን ቀሚሳቸው ውስጥ አስገቡ።

«ቀለሙ የዚህ ጽሕፈት ቤት የማኅተም ቀለም ነው፤ አራት ወር እዚህ ያልደረሰ ሰው አያገኘውም። በሳሙናም አይለቅም። ሰውየው ሐሙስ ዕለት ጣቱ ሐምራዊ ሆኖ ተጨነቀ፤ መታጠቢያው አጠገብ ጠርሙስ አገኘ። ጣቱን አነጻ። ነገር ግን የተማረ ሰው ሁሉ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። እህቴ፣ ያስተምሩን፤ በረኪና ጥቁር ጨርቅ ላይ ቢነካ ምን ይሆናል?»

«ይቀላል» አለች ቀስበሉ። «ወዲያው ላይታይ ይችላል። እየቆየ ይቀላል። አይለቅምም።»

ሁሉም ዓይን ወደ አንድ እጅጌ ዞረ።

«ይኼ ምን ማለት ነው?» አሉ አስተዳዳሪው። «ተከሳሿ የእኔ ቤተ ክርስቲያን ናት! ክሱን ብንረታ የምጠቀመው እኔ አይደለሁም?»

«እኔንም ያስቸገረኝ እሱ ነበር» አለ መርማሪው። «ከሳሽ እንጂ ተከሳሽ ስለምን መሸነፍ ይፈልጋል? ከዚያ ፋይሎቹን አየሁ። መሰላሉ በነበረበት በኩል፣ በልጅቷ ስም መነሻ ፊደል ሥር ያሉት ሦስት ፋይሎች ተዛንፈዋል። አንድ ሰው በፊደል ተራ ሲፈልግ ነበር። አላገኘም፤ እዚህ ቤት ለማንበብ ለማትችል አንዲት ሴት ሲባል ፋይል የሚቀመጠው በክር ቀለም ነዋ። እህቴ፣ የልጅዎ የትኛው ነው?»

«ሰማያዊው» አለች። መሰላሉን አቁማ ወጣች፤ እጇ በልማድ እየሄደ አመጣችው። መርማሪው ክሩን ፈታ። ላይኛው የልጇ ጽሑፍ ነው። ከሥሩ አንድ የወየበ ደብዳቤ ነበር። እሱን አውጥቶ ዓይኑን ሮጥ አደረገበትና ለእሷ ሰጣት።

«ጠርዙ ላይ ያለውን ያንብቡልን።»

«እኔ?... ቀስ እላለሁ።»

«ማን ያስቸኩለናል?»

ቀስበሉ ጣቷን ፊደሉ ሥር አስኬደች። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የእሷ ድምፅ ብቻ ነበር።

«ለ... ለአስተዳ... ለአስተዳዳሪው። ቀኑ... የዛሬ ሰባት ዓመት ነው። እዚህ ደግሞ በቀይ... ይ... ይቀመጥ። ለማን... ለማንም... እንዳይ... ነገር።»

«የአስተዳዳሪው እጅ ጽሑፍ ነው» አለ ጠበቃው ደንግጦ።

«ሌላ ሴት፣ ያው ቄስ፣ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ» አለ መርማሪው። «አስተዳዳሪው ደበቁት፤ ጸሐፊዋ ግን ከልጅቷ አቤቱታ ጋር በአንድ ክር አሰሩት። ፋይሉ ፍርድ ቤት ከተከፈተ ቄሱ ብቻ አይወድቁም። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያኗ እንድትሸነፍ፣ ልጅቷም ውሸታም እንድትባል ፈለጉ። ወረቀቱን ከጠበቃው ቢሮ አንሥተው ትናንት ለእትዬ መነጽር አቀረቡላቸው። እሳቸው ግን አልፈርምም አሉ፤ የቁልፍ መዝገቡንም አውጥተው አሳዩዋቸው።»

አስተዳዳሪው መርማሪውን አላዩትም። ዓይናቸው ቀስበሉ ላይ ነበር። «ማንበብ ትችላለች...» አሉ ለራሳቸው፣ መሬት እንደከዳቸው ሰው። ቆይተው ደግሞ፦ «ገፋሁ እንጂ መግደል አላሰብሁም። ወረቀቱን ከእጇ ልነጥቅ... ብረቱ ነው የመታት።»

ባለሙያው የቀለም ሣጥኑን አቀረበላቸው። አልታገሉም፤ አውራ ጣታቸውን ሰጡ።

ከሳሹ ቄስ ኮታቸውን አስተካክለው ወደ በሩ ተነሡ። «እንግዲህ እኔን አይመለከተኝም።»

«ግድያው አይመለከትዎትም» አለ መርማሪው። «ፋይሉ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ዳኛው ዘንድ ይደርሳል፤ ሁለቱም ወረቀቶች። ስምዎን ማን እንዳጠፋው እዚያ ይታያል።»

ቄሱ መለስ ብለው ተቀመጡ። መውጫ የጠፋቸው ይመስሉ ነበር።

ማምሻውን ሳጅኑ የቀስበሉን ቃል በሦስት ገጽ ጽፎ ጨረሰ። ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋ፤ ከልማዱ የቀለም ሣጥኑንም አስከተለ። «እዚህ ላይ ጫኚ እናቴ፣ ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ።»

ቀስበሉ የቀለም ሣጥኑን በአንድ ጣቷ መልሳ ወደ እሱ ገፋችው።

«መጀመሪያ ላንብበው።»

«ሦስት ገጽ? እናቴ፣ ሊመሽ ነው እኮ!»

«ቀስ በል» አለችው። «ሃያ ዓመት ሳላነብ ፈርሜያለሁ።»

መርማሪው ሳቅ ብሎ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ልጅቷ መጥታ ከእናቷ ጎን ሆነች። ለረጅም ጊዜ የእናቷን ጣት ከፊደል ፊደል ሲሻገር አየች።

«ለምን ደበቅሽኝ እማዬ?»

«አፍሬ። ደግሞም ያንቺን ወረቀት ማንበብ ስችል ልነግርሽ ብዬ ነው። ‹ደግሜ አልናገረውም› አላልሽኝም? ሳትናገሪ ልሰማሽ ብዬ።»

ልጅቷ ራሷን የእናቷ ትከሻ ላይ ጣለች። ቀስበሉም በአንድ እጇ ልጇን አቅፋ፣ በሌላው ጣቷን ወደ ሁለተኛው መስመር አወረደች።